ካታሊስቱን ከመቀየርሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢው

የአንባቢዎች የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን መኪና አለችኝ። ኢንጀክሽን ናት፣ ዕድሜዋ ከ20 ዓመት አልፏል። ባለፈው ወር የጭስ ምርመራ ወደቀች። መካኒኬ «ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ሞቷል» አለኝና ያጠራቀምኳትን ገንዘብ አውጥቼ አዲስ አስገጠምኩ። መልሼ ስወስዳት መልሳ ወደቀች። አሁን ደግሞ «ኦክስጅን ሴንሰሩን እንቀይረው፣ ካልሆነም ካንዴላና ቦቢና እናስገባለን» ይለኛል። የሁለተኛውን ምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አንዴ ስጠመዝዘው ትነሳለች። የምታስቸግረኝ ሞቃ ሳጠፋት ነው። አስር ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ቶሎ አትነሳም። ነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ረግጬ ሞተሪኖውን ብዙ ማስጮህ አለብኝ። ቤንዚንም መብላት ጀምራለች። የሙቀት መርፌው ግን መሃል ላይ ነው። የሞተር መብራትም አልበራ። የቱን ዕቃ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አትግዢ። ለጊዜው አንድም ዕቃ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መልሱን በግል ልኬልሽ ነበር። እዚህ የማወጣው ሌሎችም በዚሁ መንገድ ገንዘባቸውን ሲጨርሱ ስለማይ ነው። 26 ዓመት ኮፈን ስር ኖሬያለሁ። ጭስ ወድቃ እኔ ጋ የምትመጣ መኪና ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ዕቃ ተቀይሮላት ነው የምትመጣው። ባለቤቱ የምርመራውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከቶታል። መካኒኩም «እስቲ አሳየኝ» አላለውም። መልሱ ግን እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ያንቺን እንየው። በሚኒሞ (መርገጫው ሳይረገጥ)፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.8 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን 190 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12.9 በመቶ፣ ኦክስጅን 0.4 በመቶ፣ ላምዳ 0.93። የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2500 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ 1.9፣ ሃይድሮካርቦን 120፣ ላምዳ 0.95። ከፍ ሲል ትንሽ ይሻላል፣ ያም ሆኖ ወድቋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ላምዳን ነው። ላምዳ የሚነግርሽ ሞተሩ ያገኘው አየር ለቤንዚኑ ይበቃው እንደሆነ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ልክ ይህን ሲያገኝ ላምዳ 1 ይሆናል። ከ1 ከወረደ ቤንዚን በዝቷል፣ ከ1 ካለፈ አየር በዝቷል። ያንቺ 0.93 ስለሆነ ከሚያስፈልጋት አየር 7 በመቶ ጎድሎባታል። ትንሽ ይመስላል። ካታሊስት ላላቸው መኪኖች ግን በብዙ ቦታ የሚፈቀደው ከ0.97 እስከ 1.03 ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቤንዚን አየር ሲያጥረው ግማሽ ድረስ ብቻ ይቃጠላል፣ ያኔ የሚወጣው ጋዝ ይሄ ነው። 2.8 በመቶ በጣም ብዙ ነው። ጤነኛ ኢንጀክሽን ሞተር ካታሊስቱ ከሞቀ ከ0.2 በታች ነው የሚሰጠው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ ሽታም የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ነገር እስኪስተካከል በር በተዘጋበት ጋራዥ ውስጥ መኪናዋን አታስነሺ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ልጆችም ከጭስ ማውጫው ኋላ እንዳይቆሙ አድርጊ።

አሁን አዲሱ ካታሊስት ለምን እንዳልረዳሽ ልንገርሽ። የካታሊስት ሥራ ግማሽ ተቃጥሎ የመጣውን ማስጨረስ ነው። ለማስጨረስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ወረቀትሽ ላይ ያለው ኦክስጅን 0.4 በመቶ ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ውስጡ ፕላቲኒየም ይሁን ፓላዲየም ይሁን ሮዲየም፣ ኦክስጅን ካላገኘ ምንም ሊያደርግ አይችልም። የድሮው ካታሊስትሽም የሚሠራበትን አጥቶ እንጂ ሞቶ አይመስለኝም። መካኒክሽ ጋ ካለ አሁኑኑ ጠይቂው፣ ካልጣለው መልሰሽ ውሰጂው። ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

ካንዴላና ቦቢናውስ? ሃይድሮካርቦን የሚለውን መስመር እዪ። ሃይድሮካርቦን ጭራሽ እሳት ያልነካው ቤንዚን ነው። ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር፣ ሲሊንደሩ የሳበው ቤንዚን እንዳለ ይወጣል። አብሮት የገባው አየርም እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር ሚስ ሲያደርግ ሃይድሮካርቦንና ኦክስጅን ተያይዘው ነው የሚወጡት። ያንቺ ሁለቱም ዝቅ ብለዋል። ካንዴላዎችሽ እየተኮሱ ነው፣ ተያቸው።

ኦክስጅን ሴንሰሩንም ቢሆን ሳይጠየቅ አትፍረጂበት። እሱ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተቀምጦ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። የተለመደው ዓይነት ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። ደህና ሞተር ላይ በሁለቱ መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ያንቺ 0.8 ወይም 0.9 ላይ ቆሞ ከተገኘ «ቤንዚን በዝቷል» እያለ ነው፣ ያም እውነት ነው። ሞተሩ እየሠራ ከአየር ማስገቢያው ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ለትንሽ ጊዜ ይንቀሉለት። ቮልቱ ወዲያው ከወረደ ሴንሰሩ በሕይወት አለ። እውነት የሚናገር ምስክር ለመቀየር ገንዘብ አይወጣም።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ሆነ። ይህን ሁሉ ቤንዚን የሚያስገባው ማን ነው? ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይነት ሳይታዘዝ የሚያፈስ ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን የሚረጨው)፣ ሸራው የተቀደደ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያ፣ ተከፍቶ የቀረ የታንከር ትነት ቫልቭ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሌላው ዓይነት የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያሳስት ነው። የሙቀት ሴንሰርና የአየር መለኪያ እዚህ ይገባሉ። የአየር ፊልትሮ ከቆሸሸ ይቀየር፣ ግን በኢንጀክሽን መኪና ላይ ብቻውን እዚህ ድረስ አያደርስም።

ከደብዳቤሽ ቀልቤን የያዘው «ሞቃ ሳጠፋት አትነሳም» ያልሽው ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት የበዛው ቤንዚን አይረብሸውም፣ እንዲያውም ቶሎ ይነሳል። የሞቀ ሞተር ግን ያንኑ ያህል ሲሰጠው ይታፈናል። መርገጫውን እስከ ታች ስትረግጪ የምትነሳው አየር ስለከፈትሽላት ነው። በብዙ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ደግሞ መርገጫው ሙሉ ተረግጦ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ራሱ ቤንዚኑን ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። አንቺ ሳታውቂው ትክክለኛውን ነገር ስታደርጊ ኖረሻል።

ይህ ምልክት ሁለት ቦታ ይጠቁመኛል። ወይ መኪናዋ ቆማ እያለ ቤንዚን ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ አልመሰለውም።

የመጀመሪያውን ለማየት ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። የግፊት መቆጣጠሪያው ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ዘንግ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ከእሱ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለች። ንቀያትና ጫፏን አሽቺ። ውስጧን በነጭ ሶፍት ንኪው። ደረቅ ከሆነች ደህና ነው። ቤንዚን ካረጠባት ሸራው ተቀዷል፣ ጥፋተኛሽን አገኘሽ።

ሁለተኛውን ለማየት የኮምፒውተር መመርመሪያ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚሰካው ኮድ ለማንበብ ብቻ ነው። ኮድ ከሌለ «ምንም የለባትም» ብሎ ነቅሎ ይሄዳል። አንቺ ኮድ አትፈልጊ። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የሚያየውን ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ። የሞተር ውሃ ሙቀት የሚለውን ፈልጉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውና የሚገባው አየር ሙቀት መቀራረብ አለባቸው፤ ሌሊቱን አብረው አድረዋላ። ከዚያ 20 ደቂቃ ንጂና መልሰሽ እዪ። ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። 60 ላይ ከቆመ ቴርሞስታቱ (የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተከፍቶ ቀርቷል። ከዚያ በጣም ካነሰ ደግሞ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ላይ ነው። የዳሽቦርዱ መርፌ መሃል መሆኑ አያጽናናሽ። በብዙ አሮጌ መኪና ላይ መርፌው የራሱ ሴንሰር አለው፣ ኮምፒውተሩም የራሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቱቦዋ ደረቅ ናት። መሣሪያውን ሰክተን ግማሽ ሰዓት ነዳን። ኮምፒውተሩ ውሃው 24 ዲግሪ ነው ይላል! መርፌው መሃል ላይ ነው። መካኒኬ ደስ ብሎት አዲስ የሙቀት ሴንሰር ገጠመ። አሁን 27 ይላል። ጋሼ፣ ተስፋ ቆረጥኩ።»

እኔ ደግሞ ይህን ሳነብ ተስፋ አገኘሁ። አዲስ ሴንሰር ገብቶ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ፣ ሴንሰሩ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም። ውሸቱ በመንገድ ላይ ነው የሚገባው። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ዕቃ ነው። በብዙ መኪና 20 ዲግሪ ላይ 2500 ኦም ገደማ ነው። 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 300 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን ኦም ነው ወደ ዲግሪ የሚቀይረው። ስለዚህ ሽቦው መንገድ ላይ 2000 ኦም ቢጨምርበት፣ ኮምፒውተሩ የፈላውን ሞተር ቀዝቃዛ አድርጎ ያየዋል። ቀዝቃዛ መሰለው ማለት ደግሞ ቤንዚን ያበዛል፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚለውንም ገና አይሰማም። ለምን መብራት አላበራም? 24 ዲግሪ የሚታመን ቁጥር ነዋ። ሽቦው ቢበጠስና ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ቢል ኖሮ ወዲያው ያበራ ነበር።

የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩ አልኳት። ፎቶውን በማግስቱ ላከችው። የጥቁር ፕላስቲክ ሶኬት ነው፣ ሁለት ፒን ያለው። አንዱ ፒን ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ሥሩ ድረስ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። የነሐስ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲከርም የሚያወጣው ዓይነት አረንጓዴ። ከላይ ያለው የራዲያተር ቱቦ አንገቱ ላይ ነጭ የደረቀ ውሃ መስመር አለው። ውሃው ለብዙ ጊዜ ጠብ ጠብ እያለ ሽቦው ላይ ወርዷል፣ ሽቦውን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ገብቷል። አየሽ፣ መጀመሪያ የጠፋው የአንድ ቱቦ ማሰሪያ ነው።

መጀመሪያ ማሰሪያውን እንዲያጠብቁ ነገርኳቸው፣ አለበለዚያ ይመለሳል። ከዚያ ፒኑን በኮንታክት ማጽጃና በትንሽ ብሩሽ አጸዱት። አልዳነም፣ ተበልቶ ቀጥኗል። ስለዚህ ሶኬቱን ከነጭራው ቆርጠው አዲስ ቀጠሉ። በብየዳና በሙቀት በሚጠብቅ ላስቲክ እንጂ በፕላስተር ጠቅልለው አልተዉትም፣ ለዚህ መካኒኳን አመሰግናለሁ። መሣሪያው 88 ዲግሪ አሳየ።

አንድ ነገር ግን አስቀረኋቸው። ያን ቀን ወደ ምርመራ እንዳይሄዱ። የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጪና አሽቺው አልኳት። «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አለች። ለወራት የበዛ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ቤንዚን ይተንና በእስትንፋስ ቱቦው በኩል ተመልሶ ይቃጠላል። ጥገናው ተሠርቶ መኪናዋ እንደገና ልትወድቅ ትችላለች፣ ሰውም «አልተገኘም ማለት ነው» ብሎ ዕቃ መቀየሩን ይቀጥላል። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀየሩ። ሁለት ቀን ነዳቻት። ሦስተኛው ወረቀት ይኸውና፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.1፣ ሃይድሮካርቦን 20፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 14.9፣ ኦክስጅን 0.3፣ ላምዳ 1.01።

ከሁሉ ደስ ያለኝ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ነው፦ «አሁን ሞቃ ሳጠፋትም አንዴ ነው የምትነሳው።» እህቴ፣ የተነቀለውን ሴንሰር አትጣይው። ደህና ነበር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? የኔ መኪና ካርቡሬተር ያላት የድሮ ናት፣ ካታሊስት የሚባል ነገር የላትም። መጀመሪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ ወደቅኩ፣ 5.5 በመቶ ነበር። መካኒኩ በካቻቢቴ ካርቡሬተሩን ነካ ነካ አድርጎ 0.6 አወረደው። ደስ ብሎኝ ብመለስ በሃይድሮካርቦን ጣሉኝ፣ 1100። ሚኒሞ ላይም ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። በጡረታዬ የቀረችኝ እሷው ናትና እንዳላጣት።

መልስ፦ ጋሼ፣ አያጧትም። የተፈጠረውን ነገር ልንገርዎት። መካኒኩ የሚኒሞዋን ማስተካከያ ቡሎን ጠምዝዞ ቤንዚኑን አሳንሷል። ቤንዚን ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወርዳል፣ ይህ እውነት ነው። ከልክ በላይ ሲያንስ ግን ካንዴላው እየተኮሰም እሳቱ አይያዝም። ያልተቃጠለው ቤንዚን እንዳለ ይወጣል፣ ሃይድሮካርቦኑ ይዘላል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ወረቀትዎ ላይ ኦክስጅን የሚለውን ይዩት። 3 ወይም 4 በመቶ ከሆነ ይኸው ነው። ሁለቱን ምርመራ የወደቁት በአንድ ችግር አይደለም፣ መጀመሪያ የነበረው ችግር አልተነካም፣ በላዩ ሌላ ተደርቦበታል።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው ይህችን ቡሎን የሚነኳት ከሁሉም መጨረሻ ነበር። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ያወጣሉ። ነጭ ጨርቅ ክንፉ ላይ ዘርግተው ከአንድ እስከ አራት በተራቸው ይደረድሯቸዋል። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። የነጩ ሸክላ ጫፍ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ ዘይት ገብቷል። ንጹሕ ነጭ ሆኖ ጠርዙ የተቃጠለ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል። አራቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዱ ነበር። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ካርቡሬተሩን ይተዉትና ወደዚያ ሲሊንደር ይሄዳሉ። ካርቡሬተር ለአንድ ሲሊንደር ብቻ አያደላም። እኔም እስከ ዛሬ ጨርቁን እዘረጋለሁ፣ ኮምፒውተር ያላት መኪና ላይ እንኳ።

የእርስዎ ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። የቫልቮቹ ክፍተት በመኪናዋ ልክ ይስተካከል። ካንዴላዎቹ ይታዩ። ፑንቲና (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን የሚያቆራርጠው) ካላት ጫፉ ተበልቶ እንደሆነ ይታይ፣ ከተበላ ይቀየር፣ ከዚያ የተኩስ ሰዓቱ (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት) በመብራት ይለካ። የካንዴላ ገመዶቹን ማታ ይፈትኗቸው። ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱና ሳይነኩ ቆመው ይዩ። ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ወዲያ ወዲህ ሲል ካዩ ያ ገመድ አልቋል። የሸሚዝዎን እጀታ ሰብስበው፣ ከቬንትሌተሩ ራቅ ብለው።

አንድ ሲሊንደር ከተለየ ኮምፕሬሽን ይለካ። በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆን አለበት፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢበዛ። አንዱ በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ ያድርጉና መልሰው ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ከፍ ካላለ ቫልቩ ተቃጥሏል ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ይህ ሆኖ ከተገኘ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያሳልፋትም፣ ቴስታታው መውረድ አለበት። በቀጥታ የምነግርዎት ሌላ ወጪ እንዳያወጡ ነው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ከሆነ 5.5 ያደረሰውን ፍለጋ ይሂዱ። ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚቀንሰው ቅጠል) ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ? ፊልትሮውን ከፍተው ሞተሩ ሲሞቅ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ መቆሙን ይዩ። እኔ ካየኋቸው ካርቡሬተሮች ብዙዎቹ የታመሙት እዚህ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ ይያዛል፣ ሹፌሩም አያውቅም። ከዚያ የተንሳፋፊዋ መርፌ (ካርቡሬተሩ ሲሞላ ቤንዚኑን የምታቆመው) ትዘጋለች ወይ? ሞተሩ ጠፍቶ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን የሚረጥብ ከሆነ አትዘጋም። መርፌዋና መቀመጫዋ በጥገና ኪት ውስጥ ይመጣሉ። የፍሬን ማገዣው ወፍራም ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እንዳይስብም ይታይ፣ ሚኒሞ ላይ የሚያንቀጠቅጥ አንዱ እሱ ነው።

ቡሎኗ አሁን ትምጣ። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ የጭስ መለኪያው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይነበብ። ቀስ እያሉ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር። ሃይድሮካርቦን ከሁሉ ዝቅ ያለበትን ቦታ ያገኛሉ። እዚያ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስንት እንደሆነ ይዩ። ቀሪው ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም አብረው የሚያልፉበት ቦታ አለ። ሞተሯ ራሷ ትነግርዎታለች፤ መንቀጥቀጧን ትታ ድምጿ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አልፌ በላምዳ ብቻ ጣሉኝ፣ 1.06። ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.1፣ ኦክስጅን 1.4። መኪናው አሪፍ ነው የሚሄደው። ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ልግዛ?

መልስ፦ አይ፣ አትግዛ። ማጽጃው የቆሸሸ ኢንጀክተርን ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ያንተ ችግር ግን እዚያ አይደለም። ቤንዚን እውነት አንሶ ቢሆን መኪናህ ሲጎትት ትደክም ነበር። እኔ የምጠረጥረው የጭስ ቱቦህን ነው። አንድ ቦታ ተበስቶ የውጭ አየር እየሳበ ይመስለኛል። ጭስ በቱቦ ውስጥ የሚሄደው እየገፋ ብቻ አይደለም፣ በየምቱ መካከል መልሶ ይስባል። ያ አየር ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ መለኪያው ውስጥ ይገባል፣ ላምዳውም ይወጣል። ሞተሩ ምንም አላጠፋም።

ጠዋት መኪናው ቀዝቅዞ እያለ አስነሳው፣ ክፍት ቦታ ላይ። ሌላ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአምስት ሰከንድ ይክደነው። አንተ በጎን ቆመህ ስማ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር ግን እንዳትገባ። ቱቦው ደህና ከሆነ ሞተሩ ይታፈናል። ከተበሳ ግን አንድ ቦታ «ፍስስ» ሲል ትሰማለህ። ማርሚታው የተበየደበትን፣ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ክብ ጓርኒሲዮን፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ተከተል። በተሰነጠቀው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ጨረር ሠርቶ ታገኛለህ። ቀዳዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ ቶሎ አሠራው፤ ሴንሰሩ የውጩን አየር አይቶ ኮምፒውተሩን ቤንዚን እንዲጨምር ያደርገዋል። ያኔ በሌላ ቁጥር ትወድቃለህ።

ካስበየድክ በኋላ ወደ ምርመራው ስትሄድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ነድተህ ድረስ። ካታሊስት 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም። ሰልፍ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ከቆምክ ይቀዘቅዛል። ተራህ ሲቀርብ አስነሳና ዙሩን 2500 አካባቢ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዝለት፣ ከዚያ ግባ።